በዐሣ ገንዳ አዲስ ማጣሪያ ሲተከል እስኪጸና ድረስ ስለሚያስፈልገው ጥበቃ

የቆሮሶ ጫጩቶች ለገበሬው እስኪታደሉ ድረስ በገንዳ በሚቈዩባቸው ወረዳዎች ላሉ ሹማምንት ይህን ማስታወቅ አስፈላጊ ሆኖ ተገኝቷል። ማጣሪያው አዲስ የሆነ ገንዳ፤ ውኃው እንደ ምንጭ ጠርቶ ሳለ ዐሦቹ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ሊያልቁበት ይችላሉ። በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው በሽታ ገባ ብሎ መድኃኒት ይጨምራል፤ መድኃኒቱ ግን ጉዳቱን ሊያብስ ይችላል እንጂ አያድንም።

ምክንያቱም ይህ ነው። ዐሣ አሞንያ የተባለውን መርዝ በስንጥቡ በኩል ወደ ውኃው ያወጣል። ይህን መርዝ በዐይን የማይታዩ ባክቴርያዎች አስቀድመው ወደ ናይትራይት፤ ቀጥለውም ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ናይትራይትም እንደ አሞንያ መርዝ ነው፤ ናይትሬት ግን እጅግ ካልበዛ ዐሣውን አይጎዳም፤ ለአትክልትም ምግብ ይሆናል። እንግዲህ ማጣሪያ ማለት ስፖንጁና ጠጠሩ ሳይሆን በላዩ የሚሰፍሩት ፍጥረታት ናቸው። እነርሱም ተራብተው እስኪበቁ በሞቀ ውኃ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ያህል፤ በደጋ ብርድም ከዚያ የበለጠ ጊዜ ይፈጃል።

ባለሙያ ሴት ሊጥዋን በእርሾ እንደምታቦካ ሁሉ፤ ጤነኛ ከሆነ አሮጌ ገንዳ ጥቂት ስፖንጅ ወይም ጠጠር ሳይደርቅ፤ በዚያው ውኃ ተነክሮ ወደ አዲሱ ቢዛወር ጊዜው እጅግ ያጥራል። ዐሣ የታመመበት ገንዳ እርሾ ግን አይወሰድ።

እስከዚያው ድረስ ዐሣው ጥቂት፤ ምግቡም ጥቂት ይሁን። ጠባቂው አዝኖ የሚጨምረው እፍኝ ከረኃቡ ይልቅ ይገድላል፤ ቆሮሶ አንድና ሁለት ቀን ቢጾም አይሞትምና። ከውኃው ሩብ ያህሉ በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ ይለወጥ። የቧንቧ ውኃ ክሎሪን ያለበት ስለ ሆነ መድኃኒቱ ሳይወገድለት አይጨመር፤ ስፖንጁም በቧንቧ ውኃ አይታጠብ፤ የደከሙበት ሁሉ በአንድ ማጠብ ይጠፋልና። ቢቈሽሽ ከገንዳው በተቀዳ ውኃ ይለቅለቅ።

የውኃው ፒ ኤች ከ7 ወደ 8 ከፍ ሲል መርዘኛው የአሞንያ ክፍል 10 እጥፍ ያህል ይበዛል፤ ስለዚህ በስምጥ ሸለቆ አካባቢ ያሉ ሹማምንት ይልቁን ይጠንቀቁ። ናይትራይት ሲበዛ የዐሣው ደም ቡናማ ይሆናል፤ ዐሣውም አየር ፍለጋ ወደ ውኃው ፊት ይወጣል። ያን ጊዜ ውኃውን ከመለወጥ ጋር በ1 ሊትር 1 ግራም የገበታ ጨው ቢጨመር መርዙ በስንጥቡ እንዳይገባ ይከለክላል።

ዐሦቹ እየተመገቡ ሳሉ የአሞንያውም የናይትራይቱም መለኪያ አንድ ሳምንት ሙሉ 0 ሲያሳይ፤ ምግቡና የዐሣው ቍጥር ጥቂት በጥቂት ይጨመር።