የብሪታንያ የዲግሪ ማዕረጎች እና የድኅረ ምረቃ መግቢያ መስፈርት

የብሪታንያ የዲግሪ ማዕረግ በዩናይትድ ኪንግደም ዩኒቨርሲቲዎች የመጀመሪያ ዲግሪውን ያጠናቀቀ ተማሪ አጠቃላይ ውጤት የሚገለጽበት ሥርዓት ነው። ኢትዮጵያውያን ከዚህ ሥርዓት ጋር የሚተዋወቁት ብዙውን ጊዜ ለሁለተኛ ዲግሪ ሲያመለክቱ ነው። ዩኒቨርሲቲው «ከፍተኛ ሁለተኛ ማዕረግ ወይም ተመጣጣኙ» ይላል፤ አመልካቹ በእጁ የያዘው ትራንስክሪፕት ግን የሚናገረው ከ4.00 የተሰላ አማካይ ውጤት (ሲጂፒኤ) ብቻ ነው።

ማዕረጎቹ

አማካይ ውጤቱ 70 እና ከዚያ በላይ የሆነ ተማሪ አንደኛ ማዕረግ ያገኛል። ከ60 እስከ 69 ከፍተኛ ሁለተኛ ማዕረግ ሲሆን በጽሑፍ 2:1፣ በአነጋገር «ቱ ዋን» ይባላል። ከ50 እስከ 59 ዝቅተኛ ሁለተኛ (2:2፣ «ቱ ቱ»)፣ ከ40 እስከ 49 ደግሞ ሦስተኛ ማዕረግ ነው። የሕክምና፣ የጥርስ ሕክምናና የእንስሳት ሕክምና ዲግሪዎች አብዛኛውን ጊዜ በዚህ መልክ አይመደቡም። የብሪታንያ ተማሪዎች 2:2ን በቀልድ «ዴዝሞንድ» ይሉታል፤ ምክንያቱ የደቡብ አፍሪካው ሊቀ ጳጳስ የዴዝሞንድ ቱቱ የአባት ስም ከ«ቱ ቱ» ጋር መመሳሰሉ ብቻ ነው።

አንደኛ ማዕረግ ድሮ ብርቅ ነበር። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2010/11 የትምህርት ዘመን ከተመረቁት 16 በመቶ ያህሉ ሲያገኙት፣ በ2020/21 ቁጥሩ 37 በመቶ ገደማ ደርሷል። ይህም ማዕረጉ ረክሷል የሚል ክርክር አስነስቷል።

በማዕረግ ስሞች መምታታት አይገባም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በሌሎች የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች ከ3.25 ጀምሮ «በማዕረግ»፣ ከ3.50 ጀምሮ «በከፍተኛ ማዕረግ»፣ ከ3.75 ጀምሮ «በእጅግ ከፍተኛ ማዕረግ» መመረቅ የተለመደ ነው። ይህ ለተሻሉት ተማሪዎች ብቻ የሚሰጥ ነው። በብሪታንያ ግን በክብር ዲግሪ የሚመረቅ ሁሉ ከአራቱ አንዱን ይይዛል፤ ሦስተኛ ማዕረግም ማዕረግ ነው።

70 ስንት ነው?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በኢትዮጵያ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በሰፊው በሚሠራበት መለኪያ 70 ያመጣ ተማሪ «ቢ» ይሰጠዋል፤ ይህም 3.0 ነጥብ ነው። «ኤ» የሚጀምረው ከ85 ነው። በብሪታንያ ግን መምህራን ከ80 በላይ የሚሰጡት እጅግ አልፎ አልፎ በመሆኑ 70 የመጨረሻው እርከን መግቢያ ሆኗል። ስለዚህ በመቶኛ ማነጻጸር አይሠራም። 3.0ን ለ4 አካፍሎ 75 በመቶ በማግኘት «አንደኛ ማዕረግ አለኝ» ማለትም እንዲሁ ስሕተት ነው።

ሌላው ልዩነት የሚቆጠሩት ዓመታት ናቸው። በብዙ የእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲዎች የመጀመሪያው ዓመት ማለፍ ብቻ የሚጠበቅበት ሲሆን ከማዕረጉ ስሌት አይገባም፤ የመጨረሻው ዓመት ደግሞ ከፍ ያለ ክብደት አለው። ሲጂፒኤ ግን ከመጀመሪያው ሴሚስተር ጀምሮ ሁሉንም ይደምራል። ለምሳሌ አንድ ተማሪ በፍሬሽማን ዓመት 35 ክሬዲት ወስዶ 2.4 አማካይ ቢያመጣ፣ በቀሩት 105 ክሬዲቶች ደግሞ 3.4 ቢያመጣ፣ ስሌቱ እንዲህ ይሆናል፦ (35 × 2.4 + 105 × 3.4) ÷ 140 = 3.15። የፍሬሽማኑ ዓመት ባይቆጠር ኖሮ 3.4 ይዞ ይመረቅ ነበር።

ይህ ልዩነት ከሰቆጣ ወይም ከጽጽቃ ወጥቶ በትምህርት ሚኒስቴር ምደባ ሩቅ ዩኒቨርሲቲ ለሚገባ ተማሪ ቀላል አይደለም። በኽምጣንጋ አፉን የፈታ ልጅ አማርኛን ጨምሮ እንግሊዝኛ ሦስተኛ ቋንቋው ነው፤ የመጀመሪያ ዓመቱ ዝቅ ቢል አያስገርምም። የብሪታንያ መዝጋቢዎች ትራንስክሪፕቱን በሴሚስተር ስለሚያዩት ውጤቱ እየጨመረ መሄዱን በማመልከቻ ደብዳቤ ውስጥ በሁለት ዓረፍተ ነገር መጠቆም ይጠቅማል። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት የወልድያና የወሎ ዩኒቨርሲቲዎች ትምህርት ተቋርጦ ነበር፤ በዚህ ምክንያት የአራት ዓመቱን ዲግሪ ዘግይቶ የጨረሰ አመልካችም ምክንያቱን መግለጽ አለበት። ሳይገለጽ ከታለፈ አንባቢው ተማሪው ወድቆ የደገመ ሊመስለው ይችላል።

ተመጣጣኙን የሚወስነው ማን ነው?

አንድ ወጥ ሰንጠረዥ የለም። ዩኬ ኤኒክ የተባለው ተቋም (እስከ እ.ኤ.አ. 2021 ዩኬ ናሪክ ይባል ነበር) የውጭ ዲግሪዎችን ከብሪታንያ ደረጃዎች ጋር ያነጻጽራል፤ የመግቢያ ነጥቡን የሚቆርጠው ግን ራሱ ዩኒቨርሲቲው ነው። ብዙዎቹ በድረ ገጻቸው ላይ በአገር የተከፋፈለ ዝርዝር ያወጣሉ። ለ2:1 ተመጣጣኝ አንዱ 3.0 ሲበቃው ሌላው 3.3 ወይም 3.5 ሊጠይቅ ስለሚችል፣ የአንዱን ቁጥር ይዞ ሌላውን መገመት አይቻልም።

በጥቅሉ ለሁለተኛ ዲግሪ በስፋት የሚጠየቀው 2:1 ነው። 2:2ን በተለይም ከሥራ ልምድ ጋር የሚቀበሉ ትምህርት ክፍሎች ጥቂት አይደሉም። እንደ ኦክስፎርድ ባሉት አንደኛ ማዕረግ ወይም ጠንካራ 2:1 ይጠበቃል። ለዶክትሬት ደግሞ ሁለተኛ ዲግሪ መያዝ የመጀመሪያ ዲግሪው ዝቅ ላለበት አመልካች መንገድ ይከፍታል። በሙሉ ጊዜ የሚሰጠው ማስተርስ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓመት ይፈጃል፤ 180 ክሬዲት ሲሆን ውጤቱ በ50 ማለፊያ፣ በ60 እና በ70 በሚጀምሩ ሦስት እርከኖች ይገለጻል።

ሰነድና ቋንቋ

ለማመልከት ብዙ ጊዜ ስቱደንት ኮፒና ቴምፖ ይበቃሉ። የመጨረሻውን ቅበላ ለማግኘት ግን ኦፊሺያል ትራንስክሪፕትና ዋናው ዲግሪ ሊጠየቁ ይችላሉ፤ እነዚህን ደግሞ ሬጅስትራር የሚለቀው የወጪ መጋራት ዕዳ ሲጠናቀቅ ነው። ይህን ሰነድ ቀነ ገደቡ ሲቃረብ መፈለግ ከሁሉ የከፋው ስሕተት ሳይሆን አይቀርም።

በኢትዮጵያ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት በእንግሊዝኛ ቢሰጥም፣ አገሪቱ የብሪታንያ መንግሥት «አብዛኛው ሕዝብ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ነው» በሚላቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ የለችም። አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች ትምህርቱ በእንግሊዝኛ መሰጠቱን የሚገልጽ ደብዳቤ ይቀበላሉ፤ ብዙዎቹ ግን የአይልትስ ፈተና ይጠይቃሉ። የተለመደው 6.5 ነው፤ ውጤቱም የሚያገለግለው ለሁለት ዓመት ነው። ፈተናው አዲስ አበባ ስለሚሰጥ ከሰቆጣ የሚነሳ ሰው 700 ኪሎ ሜትር ገደማ መጓዝ አለበት፤ ከስድስት ወር በላይ ለሚቆይ የሚጠየቀው የሳንባ ነቀርሳ ምርመራም ያው አዲስ አበባ ነው።

ስኮላርሺፕ

ኢትዮጵያ የኮመንዌልዝ አባል ስላልሆነች የኮመንዌልዝ ስኮላርሺፕ ለኢትዮጵያውያን ክፍት አይደለም። በብሪታንያ መንግሥት የሚደገፈው ቺቭኒንግ ግን ክፍት ነው። ቺቭኒንግ ለማስተርስ የሚያበቃ የመጀመሪያ ዲግሪና ቢያንስ 2,800 ሰዓት (ሁለት ዓመት ያህል) የሥራ ልምድ ይጠይቃል። አመልካቹ ሦስት የትምህርት ፕሮግራሞችን ይመርጣል፤ ሲጨርስም ወደ አገሩ ተመልሶ ቢያንስ ሁለት ዓመት የመቆየት ግዴታ አለበት። ለምሳሌ በሰቆጣ ደረቅ መሬት ግብርና ምርምር ማዕከል ተቀጥሮ ሁለት ዓመት የሠራ ባለሙያ የሥራ ልምዱን መስፈርት ያሟላል። ዲግሪው የ2:1 ተመጣጣኝ መሆኑን የሚለዩት ግን የመረጣቸው ዩኒቨርሲቲዎች ስለሆኑ፣ ሦስቱን ሲመርጥ ቢያንስ አንዱ የእሱን ሲጂፒኤ የሚቀበል መሆኑን አስቀድሞ ማጣራት አለበት።