ታኅሣሥ 12፦ ከዓመቱ ሁሉ አጭሩ ቀን

ከእንጦጦ ተራራ የባሕር ዛፍ እንጨት ተሸክማ የምትወርድ እናት በታኅሣሥ ወር ገና መንገድ ላይ ሳለች ይመሽባታል። በሰኔ ግን በዚያው ሰዓት ተነሥታ፣ በዚያው መንገድ ሄዳ፣ ብርሃን ሳለ ከቤቷ ትገባለች። አዝመራ ላይ ያለ ገበሬም በታኅሣሥ «ቀኑ አልበቃኝም» ይላል። ነገሩ እንዴት ነው? የሰው ጉልበት ደክሞ ነው ወይስ ቀኑ አጥሮ?

እውነቱን ለመናገር ቀኑ አጥሮ ነው። ከዓመቱ ቀኖች ሁሉ የመጨረሻው አጭር ቀን ታኅሣሥ 12 ነው። በየካ ሚካኤል አካባቢ ያለ ሰው ቀኑን የወሩ ሚካኤል ብሎ ያውቀዋል። በዚህ ቀን አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ ከጧቱ 12 ሰዓት ተኩል አለፍ ሲል ትወጣለች፤ ከምሽቱ 12 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ገደማ ትጠልቃለች። ብርሃኑ 11 ሰዓት ከ36 ደቂቃ ያህል ብቻ ይቆያል። ረጅሙ ቀን ደግሞ ሰኔ 14 ነው፤ 12 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ያህል ይሆናል። ልዩነቱ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። አንድ ሰዓት ለሚያጭድና ለሚወቃ ሰው ቀላል አይደለም።

ጉርድ ሾላ ላይ ቆመን ፊታችንን ወደ ምሥራቅ ብናዞር የየካና የእንጦጦ ተራሮች በግራችን በኩል ይሆናሉ። በሰኔ ፀሐይ ወደ ግራ፣ ወደ ተራሮቹ ጠጋ ብላ ትወጣለች። በታኅሣሥ ደግሞ ወደ ቀኝ፣ ወደ ደቡብ ርቃ ትወጣለች። ዛሬ ጉርድ ሾላ ቤቱና ፎቁ ስለ በዛ የፀሐይ መውጫው በደንብ ላይታይ ይችላል። ጥላ ግን የትም አለ።

እስቲ አንድ ሜትር የሚሆን ቀጥ ያለ እንጨት ደልዳላ መሬት ላይ እንትከል። ታኅሣሥ 12 ቀን ቀትር ላይ ጥላውን ብንለካ 63 ሳንቲ ሜትር ያህል ሆኖ ወደ ሰሜን ይተኛል። ከዚያ ወዲህ የቀትሩ ጥላ ቀስ በቀስ እያጠረ ይሄዳል። ሚያዝያ 5 ገደማ ፀሐይ ከአናታችን በላይ ስለምትሆን ጥላው ይጠፋል። ሰኔ 14 ቀን ደግሞ ጥላው ወደ ደቡብ ዞሮ 26 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። ነሐሴ 24 ገደማ እንደገና ይጠፋል። ታኅሣሥ 12 ፀሐይ ወደ ደቡብ መሄዷን አቁማ የምትመለስበት ቀን ነው ማለት ነው።

በእርግጥ የምትዞረው ፀሐይ አይደለችም፤ መሬት ናት። ይህን ለማየት ማታ ኩራዝ አብርተን አንድ ድንች በቀጭን እንጨት እንውጋ። ኩራዙ ፀሐይ፣ ድንቹ መሬት ነው። እንጨቱን ቀጥ አድርገን ሳይሆን ዘመም አድርገን፣ ጫፉ ከኩራዙ እንዲርቅ እንያዝ። ከድንቹ ወገብ ከፍ ብሎ በከሰል ምልክት እናድርግና ድንቹን እናሽከርክር። ምልክቱ በጨለማው በኩል ብዙ፣ በብርሃኑ በኩል ጥቂት ይቆያል። ይህ ታኅሣሥ ነው። አሁን የእንጨቱን ዘመም ሳንለውጥ ድንቹን ከኩራዙ ወዲያ ማዶ እንውሰደው። የእንጨቱ ጫፍ ወደ ኩራዙ ያዘነብላል፤ ብርሃኑም ይረዝማል። ይህ ደግሞ ሰኔ ነው።

አገራችን ለመሬት ወገብ ቅርብ ስለሆነች ልዩነቱ ትንሽ ነው። ወደ ሰሜን በራቁ ቁጥር ይሰፋል። በስዊድን ዋና ከተማ በስቶክሆልም የታኅሣሥ 12 ብርሃን 6 ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ከዚያም አልፎ በሰሜን ጫፍ ፀሐይ ጭራሽ የማትወጣበት አገር አለ። ለእኛ በጋ የሆነው ታኅሣሥ ለእነሱ የበረዶ ክረምት ነው።

ታዲያ የእኛስ የታኅሣሥ ብርድ ከየት መጣ? «ፀሐይ ስለ ራቀች ነው» የሚሉ አሉ። አይደለም። እንዲያውም መሬት ለፀሐይ በጣም የምትቀርበው በታኅሣሥ ማብቂያ ገደማ ነው፤ ርቀቱ 147 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። በሰኔ ማብቂያ ግን 152 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ለሌሊቱ ብርድ ዋናው ምክንያት የሰማዩ መጥራት ነው። ደመና ለመሬት እንደ ጋቢ ነው። በክረምት ሙቀቷን ይዞ ያሳድራል። በታኅሣሥ ግን ጋቢው ስለሌለ መሬት ቀን የሞቀችውን ሌሊት ታጣዋለች። አገራችንም ደጋ ነው፤ እንጦጦ ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር በላይ ከፍ ይላል።

ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ እንደ ውሃ ወደ ዝቅተኛ ቦታ ይወርዳል። ስለዚህ ውርጭ ከተዳፋቱ ይልቅ ረባዳውን መሬት አብዝቶ ይመታል። ባቄላው የተቃጠለበት ሰው «ቁጣ ነው፤ ምን ይደረጋል?» ብሎ ቢቀመጥ በሚቀጥለው ዓመትም ያው ነው። ምክንያቱን ያወቀ ግን ውርጭ የማይችለውን ሰብል ከረባዳው ያርቃል። ችግኙንም ሰማዩ በጠራበት ምሽት በገለባ ሸፍኖ ያሳድራል።

ቀኑን ማስረዘም አንችልም። ቀኑ መቼ እንደሚያጥርና ለምን እንደሚበርድ ማወቅ ግን እንችላለን። ያወቀ ሰው ሥራውን በጊዜ ይጀምራል፤ እንጨት የምትሸከመውም እናት ሳይመሽባት ትመለሳለች።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ታኅሣሥ 12 ከሌሎቹ ቀኖች በምን ይለያል?
2. የተከላችሁት እንጨት ጥላ ቀትር ላይ ስንት ሳንቲ ሜትር ሆነ? ወደየት ተኛ? ጻፉት።
3. በአካባቢያችሁ ውርጭ የሚያጠቃው የትኛውን ቦታ ነው? ለምን?