ኮምፒውተሩ ተቃጠለ ማለት መዝገቡ ተቃጠለ ማለት አይደለም

ላፍቶ ማለት በኦሮምኛ ግራር ማለት ነው። በአዲስ አበባ ደቡብ የሚገኘው ይህ አካባቢ ዛሬ የንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ሆኖ በፎቅ ቢሸፈንም ከገበሬው ጋር ያለው ግንኙነት አልተቋረጠም። በወረርሽኙ ምክንያት በ2012 ዓ.ም. ከፒያሳ ወደ ጃን ሜዳ የተዛወረው የአትክልት ተራ በ2013 ዓ.ም. ኃይሌ ጋርመንት አጠገብ ወደተሠራው የላፍቶ ገበያ ገብቷል። ሽንኩርትና ቲማቲም ይዞ የሚመጣ የማኅበር ተወካይ መብራት ያበላሸውን የጽሕፈት ቤቱን ኮምፒውተር በዚያው መኪና ጭኖ ጠጋኝ ዘንድ ቢያደርሰው አያስገርምም።

ችግሩ ተወካዩ ምን እንደያዘ አለማወቁ ላይ ነው። በዚያ ሣጥን ውስጥ የአባላት ስም፣ የዕጣ መዋጮ፣ የማዳበሪያ ዕዳና የተረከቡት እህል ሚዛን ተመዝግቦ ይገኛል። ዕዳውን የከፈለው ገበሬ ካልከፈለው የሚለየው በዚሁ መዝገብ ነው። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ሣጥኑ ጧ ብሎ የተቃጠለ ነገር ከሸተተ ኮሚቴው «መዝገባችን አለቀለት» ብሎ ተስፋ ይቆርጣል። ይህ ግን ብዙውን ጊዜ እውነት አይደለም።

አገራችን የምትጠቀምበት የቤት ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው። መብራት ሲመለስ ኃይሉ ለቅጽበት ከልኩ ሊያልፍ ይችላል። ከዚህ የከፋው ደግሞ ኒውትራል የሚባለው የጋራ ሽቦ መበጠስ ነው። በዚህ ጊዜ ለአንዱ ቤት የሚደርሰው ኃይል ወደ 380 ቮልት ሊጠጋ ሲችል የሌላው ያንሳል። የአንዱ ቤት አምፖል ከልክ በላይ ሲንቦገቦግ የጎረቤቱ ከደበዘዘ፣ ሳይውል ሳያድር ሳይሆን በዚያችው ደቂቃ ብሬከሩን ማውረድና ለመብራት አገልግሎት ማስታወቅ ያስፈልጋል።

ምርመራው የሚጀምረው ከግድግዳው እንጂ ከሣጥኑ አይደለም። በቅድሚያ በዚያው ሶኬት ላይ ሌላ የሚሠራ ዕቃ ሰክቶ መሞከር፣ ቀጥሎ ዲቫይደሩንና የኮምፒውተሩን ገመድ በሌላ መለወጥ ነው። ለአሥር ብር ሥራ መቶ ኪሎ ሜትር የተጓዘ ኮምፒውተር ጥቂት አይደለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። በአንዳንድ አሮጌ ኮምፒውተሮች ጀርባ 115 እና 230 የሚል ቀይ መለወጫ አለ፤ በእኛ አገር ምንጊዜም 230 ላይ መሆን ይኖርበታል።

ከግድግዳው የመጣው ኃይል ትክክል ሆኖ ሣጥኑ ካልነቃ፣ አስቀድሞ የሚጠረጠረው ፓወር ሰፕላይ የሚባለው ክፍል ነው። ይህ ክፍል 220ውን ቮልት ወደ 12፣ 5 እና 3.3 ቮልት ዝቅ አድርጎ ያከፋፍላል። ድንገተኛ ኃይል ሲመጣም አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚመታው እርሱ ነው። ጠጋኙ በቴስተር ሲለካው በቢጫው ሽቦ ከ11.4 እስከ 12.6 ቮልት ማግኘት አለበት። በሐምራዊው ሽቦ ደግሞ ኮምፒውተሩ ባይበራም እንኳ ገመዱ እስከተሰካ ድረስ 5 ቮልት ይገኛል። ይህ ከሌለ ክፍሉ በሌላ ይለወጣል። የማኅበሩ ሰዎች ግን ይህን ክፍል በካቻቢቴ ፈትተው እንዳይነኩት አጥብቆ ማሳሰብ ይገባል፤ ገመዱ ከተነቀለ በኋላም ቢሆን በውስጡ ከ300 ቮልት በላይ ተጠራቅሞ ሊቆይና ሰው ሊገድል ይችላል።

ማራገቢያው እየዞረ ምስል የማይታይ ከሆነ ጥርጣሬው ወደ ራምና ወደ ማዘርቦርድ ይዞራል። ራሙን ነቅሎ፣ ጥርሱን በንጹሕ ላጲስ ጠርጎ መልሶ መሰካት አንዳንዴ ብቻውን ይበቃል። ማዘርቦርዱ ላይ እንደ ጣሳ ቆመው የሚታዩት ትንንሽ ዕቃዎች አናታቸው ካበጠ ወይም ከፈሰሰ ግን ጉዳቱ ከባድ ነው። ቀኑና ሰዓቱ እየተዛባ ከሆነ ደግሞ ያለቀው 3 ቮልት የሆነችው ክብ ባትሪ ትሆናለች፤ ዋጋዋም ቀላል ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። የአባላቱ መዝገብ ያለው በፓወር ሰፕላዩም ሆነ በማዘርቦርዱ ላይ አይደለም፤ ሃርድ ዲስክ በሚባለው፣ ከመዳፍ በማይበልጥ ዕቃ ውስጥ ነው። ሌላው ሁሉ ተቃጥሎ እርሱ ደህና የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። ስለሆነም ዲስኩ ተፈትቶ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ይሰካና መዝገቡ ይገለበጣል። ሲሰካ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካሰማ ወዲያውኑ ማቆም ይገባል፤ ደጋግሞ ማስነሳት የተረፈውንም ያጠፋል። ከጠጋኙ ዘንድ «ዊንዶውስ እንደገና ልጫንላችሁ» የሚል ቃል ከተሰማም መልሱ «መዝገቡ ሳይገለበጥ አይሆንም» ነው፤ ዲስኩን አጽድቶ መጫን መዝገቡን ሊያጠፋ ይችላልና። ይህን የሚሉ ጠጋኞች ተንኮለኞች ናቸው ማለት አይደለም፤ የእነርሱ ሥራ ኮምፒውተሩን ማስነሳት ሲሆን የማዳበሪያ ዕዳ የማኅበሩ ጉዳይ ነው። ስለዚህ ኮምፒውተሩን የሚያስረክበው ሰው በዲስኩ ላይ የታተመውን ተከታታይ ቁጥር በደረሰኙ ላይ አስጽፎ ሲረከብም ያንኑ ቁጥር ማመሳከር አለበት። አሮጌው ዲስክ የሚለወጥ ከሆነም ለጠጋኙ ሳይተው ይዞት ይመለሳል፤ የአባላት ስምና ገንዘብ ያለበት ነውና።

ለወደፊቱ ስታቢላይዘር ከፍና ዝቅ የሚለውን ኃይል ሲያስተካክል፣ ባትሪ ያለው ዩፒኤስ ደግሞ መብራት ሲጠፋ ሥራውን አስቀምጦ ለመዝጋት የሚበቃ ደቂቃ ይሰጣል። ሌሊቱን ሙሉ እንዲያሠራ የሚጠብቁ ግን ያዝናሉ። ሁለቱንም መግዛት ያልቻለ ማኅበር መብራት በጠፋ ቁጥር ስፒናውን ነቅሎ፣ ከተመለሰ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ይሰካ። ሰማይ ሲያጉረመርምም እንዲሁ ነው። በየወሩ መጨረሻ የዕዳው ዝርዝር በወረቀት ታትሞ በጸሐፊውና በገንዘብ ያዡ ይፈረምበታል፤ የፍላሹ ግልባጭ ደግሞ ከኮምፒውተሩ ጋር በአንድ ክፍል ሳይሆን በሊቀመንበሩ ዘንድ ተቆልፎ ይቀመጣል።