ሜዳ ላይ የሚጠፋው ድምፅ

በሙዚቃ የሚቀርበው የበረዶ ላይ ስኬቲንግ ውድድር የሚካሄድበት የኦሊምፒክ ሜዳ ርዝመቱ 60፣ ወርዱ 30 ሜትር ነው። ተወዳዳሪዋ በዚያ ስፋት ላይ እየተሽከረከረችና እየዘለለች የሙዚቃውን ምት መሳት የለባትም። አጭሩ ትርዒት 2 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ፣ ረጅሙ 4 ደቂቃ ነው፤ ሁለቱን ለማሳመር ግን ወራት ሙሉ በቀዝቃዛ አዳራሽ መለማመድ ያስፈልጋል። ለልምምድ የአዳራሹ ትልቅ ማጉያ ሁልጊዜ አይገኝም፤ ያን ጊዜ አሠልጣኙ በእጁ አንጠልጥሎ የመጣው ስፒከር ነው ሥራውን የሚሠራው። ብርዱን የሚችል፣ ስፋቱን የሚሸፍን፣ ምቱንም ሳያዛባ የሚያደርስ ስፒከር መምረጥ ታዲያ ቀላል ነገር አይደለም።

መንዝ ውስጥ የበረዶ ሜዳ የለም። ችግሩ ግን አለ። መሐል ሜዳ፣ ሞላሌ፣ ዘመሮ፣ ግሼ ራቤል ወይም በአጎራባቹ መርሐቤቴ ዓለም ከተማ ያለ ትምህርት ቤት የኪነት ክበቡን ለወላጆች ቀን ሲያዘጋጅ፣ እስክስታውም የስፖርት ትርዒቱም ሽለላና ፉከራውም የሚለማመዱት ደጅ፣ ሜዳ ላይ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ አስፋልት ላይ በባለጎማ ጫማ እየተንሸራተቱ በሙዚቃ የሚለማመዱ ወጣቶችም ከዚሁ ጉዳይ ጋር ይታገላሉ። ክበቡ ብር አዋጥቶ ስፒከር ይገዛል። ሱቅ ውስጥ ጆሮ ሲበጥስ የነበረው ስፒከር ሜዳ ሲወጣ ይኮሰምናል። ሻጩ አታለለን ይባላል፤ አንዳንዴ እውነት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ነገሩ የተፈጥሮ ሕግ ነው፤ ሕጉን የሚያውቅ ገዢ ደግሞ በዚያው ብር የተሻለ ዕቃ ይዞ ይመለሳል።

ከከፍታው እንጀምር። ስፒከር ድምፅ የሚፈጥረው ሾጣጣ ወረቀቱ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየተርገበገበ አየሩን ሲገፋ ነው። የሚገፋው አየር ከሳሳ ድምፁም ይሳሳል። ከባሕር ጠለል ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ባለው የመንዝ አምባ ላይ አንድ ሜትር ኩብ አየር የሚመዝነው ጅቡቲ ወደብ ላይ ከሚመዝነው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ወረቀቱ ሁለቱም ቦታ እኩል ቢርገበገብ፣ መሐል ሜዳ ላይ የሚወጣው ድምፅ ዴሲቤል በሚባለው የድምፅ መለኪያ በ3 ገደማ ያንሳል። 3 ዴሲቤል ለጆሮ ትንሽ ልዩነት ነው፤ ለማካካስ ግን የስፒከሩን ኃይል እጥፍ ማድረግ ይጠይቃል። ከዚያም ከፍ ወዳለው የጓሳ አምባ በወጣን ቁጥር ይብሳል። የሳሳ አየር ሙቀት ተሸክሞ የመሄድ አቅሙም ደካማ ስለሆነ፣ ድምፁ እስከ መጨረሻው ተከፍቶ የሚውል ማጉያ ደጋ ላይ ነው ብሎ ከመጋል አይድንም።

ከከፍታው የባሰ ግን የግድግዳ አለመኖር ነው። ሱቅ ውስጥ ድምፁ ግድግዳውን፣ ጣሪያውን፣ መደርደሪያውን እየመታ ወደ ጆሮ ይመለሳል፤ በተለይ ከበሮውና ቤዙ በዚህ ምላሽ ይደነድናሉ። ሜዳ ላይ የሄደው ድምፅ አይመለስም። የበረዶ አዳራሹ ችግር የዚህ ተቃራኒ ነው፦ በረዶው፣ ዙሪያውን የከበበው መከታና ከፍ ያለው ጣሪያ ድምፁን እርስ በርሱ ስለሚያላትሙት ምቱ ይደበዝዛል፤ እዚያ ቤዙን ቀነስ አድርጎ ስፒከሩን ለሠልጣኞቹ ማቅረብ ይሻላል። መንዝ ላይ ግን ግድግዳ ራሱ ሀብት ነው። ስፒከሩን ከትምህርት ቤቱ የድንጋይ ግድግዳ ሥር አስጠግቶ ፊቱን ወደ ሜዳው ማዞር የከበሮውን ድምፅ ከ3 እስከ 6 ዴሲቤል ሊጨምርለት ይችላል። ሳንቲም የማያስወጣ ማሻሻያ ነው፤ የሚጠቀምበት ሰው ማነሱ ያሳዝነኛል።

ርቀት ሲጨመር ደግሞ ስሌቱ ይጨክናል። ሜዳ ላይ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር ድምፁ በ6 ዴሲቤል ይወርዳል። አንድ ሜትር ላይ 100 ዴሲቤል የሚጮህ ስፒከር 64 ሜትር ላይ 64 ዴሲቤል ብቻ ይቀረዋል፤ ይህም አጠገባችን ቆሞ ከሚያወራ ሰው ድምፅ ብዙም አይበልጥም። ነፋስና የልጆች ሁካታ ሲጨመርበት ይሰወራል። የስፒከሩን ኃይል በአራት ብናባዛው የምናገኘው 6 ዴሲቤል ነው፤ ስፒከሩን ወደ ሜዳው መሐል አስጠግተን ርቀቱን በግማሽ ብንቀንሰውም የምናገኘው ያንኑ 6 ዴሲቤል ነው። አንደኛው ገንዘብ ያስወጣል፣ ሌላኛው አንድ ተማሪ ስፒከሩን አንስቶ እንዲሄድ ብቻ ይጠይቃል።

እዚህ ላይ የዋት ጉዳይ ይመጣል። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው 3,000 ወይም 5,000 ዋት ፒ.ኤም.ፒ.ኦ. ምንም አይነግረንም፤ ለቅጽበት ያህል ይደረስበታል የተባለ የወረቀት ቁጥር ነው። መታየት ያለበት አር.ኤም.ኤስ. ተብሎ የሚጻፈው ነው፤ እሱ ማጉያው ሳያቋርጥ የሚሰጠው ኃይል ነው። ካልተጻፈ ስፒከሩን ገልብጦ ባትሪው ላይ ያለውን ጽሑፍ ማንበብ ይቻላል። እየተጎተተ የሚሄደው ባለጎማ ስፒከር ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚገኘው 12 ቮልት፣ 4.5 አምፒር ሰዓት የሚል ባትሪ ነው። ሁለቱን ስናባዛ 54 ዋት ሰዓት እናገኛለን። በዚህ ባትሪ ሦስት ሰዓት የሚዘልቅ ስፒከር በአማካይ ከ18 ዋት በላይ ሊወስድ አይችልም፤ ካርቶኑ የፈለገውን ይበል። መኪና ላይ ተጭኖ የሚዞረው ሞንታርቦ የሚጮኸው ጄኔሬተር ወይም የመኪናው ባትሪ ስለሚመግበው ነው።

ከዋት ይልቅ ሊጠየቅ የሚገባው ሴንሲቲቪቲ የሚባለው ቁጥር ነው፦ ስፒከሩ አንድ ዋት ሲሰጠው አንድ ሜትር ላይ ስንት ዴሲቤል ያሰማል? 90 የሚሰጥ ስፒከር 84 ከሚሰጠው ጋር ሲተያይ በሩብ ኃይል እኩል ይጮኻል። ሰፊ ወረቀትና ትልቅ ሣጥን ያለው በአብዛኛው በዚህ ይበልጣል፤ ስለዚህ ለሜዳ ልምምድ ኪስ የሚገባውን አምሮ የተሠራ ብሉቱዝ ስፒከር አልመርጥም።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ደግሞ መዘግየት ነው። ድምፅ 5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ የጠዋት ብርድ በሰከንድ 334 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ይህን ፍጥነት የሚወስነው ሙቀቱ እንጂ ከፍታው አይደለም። 60 ሜትር ርቃ የቆመች ተማሪ ምቱን የምትሰማው ከ0.18 ሰከንድ በኋላ ነው። በደቂቃ 120 ምት ባለው ዘፈን በአንድ ምትና በሚቀጥለው መካከል ያለው ጊዜ ግማሽ ሰከንድ ነው፤ ስለዚህ ልጅቷ ከምቱ ሲሶ በላይ ዘገየች ማለት ነው። የኋለኛው ረድፍ ትከሻ ከፊተኛው ተለይቶ ሲወርድ የምናየው ለዚህ ነው። አሠልጣኙ «ጆሮ የላችሁም ወይ?» ብሎ ይቆጣል፤ ልጆቹ ግን የሰሙትን በትክክል እየጨፈሩ ነው። በሁለቱ ጫፍ ሁለት ስፒከር ማቆም አያድንም፤ ከሁለቱ የሚመጣው ድምፅ የመንገድ ልዩነቱ 17 ሜትር ሲደርስ በ0.05 ሰከንድ ስለሚለያይ ምቱ ጥንድ ሆኖ መሰማት ይጀምራል። አንድ ስፒከር ከሜዳው ጎን፣ መሐል ላይ፣ ረድፎቹም ከእሱ በተቀራረበ ርቀት ቢቆሙ ይሻላል።

ብሉቱዝ በራሱ ከ0.15 እስከ 0.25 ሰከንድ የሚሆን መዘግየት ይጨምራል። ሁሉም ልጅ ከአንዱ ስፒከር ብቻ የሚሰማ ከሆነ ይህ አይጎዳም፤ ሙዚቃው ሁሉ እኩል ዘግይቶ ነው የሚጀምረው። ከቪዲዮ ጋር ለማመሳሰል ሲሞከር ወይም ከበሮ መቺው በስልክ ከተከፈተ ዘፈን ጋር የራሱን ድምፅ በማይክ ሲያስገባ ግን ያጋጫል። ለዚያ ፍላሽ ወይም ሚሞሪ የሚቀበል፣ የሽቦ ማስገቢያም ያለው ስፒከር ይመረጣል። ደግሞም ፍላሽ መሐል ላይ ስልክ አይደወልበትም።

ቃል ለሚሰማበት ዘፈንና ለፉከራ ከቤዙ ይልቅ ትዊተሩ፣ ማለትም ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትንሹ ስፒከር፣ ወሳኝ ነው። በስኬቲንግም ከ2014/15 እ.ኤ.አ. የውድድር ዘመን ጀምሮ በነጠላና በጥንድ ውድድር ግጥም ያለው ሙዚቃ ስለተፈቀደ ቃሉን አጥርቶ መስማት እዚያም ጉዳይ ሆኗል። ጠ፣ ቀ፣ ጨ እና ጸ የሚለዩበት ቀጭን ድምፅ በሰው አካልና በሣር ቶሎ ይታፈናል። ስፒከሩ መሬት ላይ ከተቀመጠ የፊተኛው ረድፍ እግርና ሣሩ ቃሉን ይበሉታል፤ ከረጅሙ ልጅ ራስ ከፍ ብሎ ስታንድ ወይም ጠረጴዛ ላይ ሲቆም ይደርሳል። ከፍ ማለቱ ሌላም ጥቅም አለው፤ ሕፃናት ጆሯቸውን ከወረቀቱ ፊት ደግነው እንዳይቆሙ ያደርጋል።

ሰዓት መምረጥም ይረዳል። ማለዳ መሬቱ ከበላዩ ካለው አየር ይልቅ ስለሚቀዘቅዝ ድምፅ ወደ ታች ይጎብጣልና ሩቅ ይሄዳል፤ በጀማና በወንጭት ወንዞች ገደሎች ማዶ ለማዶ የሚጠራሩ ሰዎች ጠዋትና ማታ የሚደማመጡት ለዚህ ነው። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ መሬቱን ስታግለው ድምፁ ሽቅብ ይታጠፋል። ነፋስ ሲኖር ስፒከሩ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ይቁም።

ማለዳው ግን ለባትሪው ጠላት ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ደጅ ያደረ ባትሪ፣ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ፣ ከአቅሙ አንድ አምስተኛ ያህሉን ለጊዜው ሊያጣ ይችላል፤ ሲሞቅ ይመለስለታል። የሊትየም ባትሪ ከዜሮ በታች ሳለ ቻርጅ ማድረግ ግን ውስጡን ለዘለቄታው ይጎዳዋል፤ በበረዶ አዳራሽ የሚሠሩ አሠልጣኞችም ሊጠነቀቁት የሚገባ ነገር ነው። ከብርድ ወደ ሞቀ ቤት ስፒከር ሲገባ የቤቱ እንፋሎት በቀዝቃዛው ብረት ላይ ጤዛ ሆኖ ይቀመጣል። በባና ጠቅልሎ አስገብቶ፣ እስኪሞቅ ሳይፈቱት ማቆየት ይህን ሊቀንሰው ይችላል። አይፒ 67 የሚል ጽሑፍ ያለበት ስፒከር አቧራ አያስገባም፣ አንድ ሜትር ጥልቀት ባለው ውኃ ለግማሽ ሰዓት ቢወድቅም ይተርፋል፤ ባለጎማዎቹ ትልልቆች ግን እንዲህ ያለ ጥበቃ እምብዛም ስለሌላቸው ለበልግ ካፊያ እንኳ ላስቲክ ያስፈልጋቸዋል።

ሲገዛ ሻጩን ለምኖ ስፒከሩን ደጅ ማውጣት፣ ሠላሳ እርምጃ ርቆ አንድ ሰው በማይኩ ሲናገር ቃሉ ይለይ እንደሆነ ማዳመጥ ከካርቶኑ ቁጥር ሁሉ ይበልጣል። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ደግሞ እንደ መኪና ባትሪ እርሳስና አሲድ ያለበት ስፒከር ባዶውን መጋዘን ከገባ መስከረም ላይ አይነሳም፤ ባዶ የቆየ ባትሪ ውስጡ ድኝ አዘል ጨው እየጠጠረበት ይሞታል። ሞልቶ ማስቀመጥና በክረምቱ በየወሩ ቻርጅ የሚያደርገው፣ ቤቱ ለትምህርት ቤቱ ቅርብ የሆነ አንድ ሰው ከወዲሁ መሰየም ያስፈልጋል።