ከባልቲሞር ወደብ ከልጆች ጋር፦ አውሮፕላን የማይሻ የባሕር ዕረፍት

በዋሽንግተን፣ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ የሚኖሩ ወላጆች ትምህርት ቤት ሲዘጋ መጀመሪያ የሚያሰሉት የአውሮፕላን ቲኬት ነው። ሦስት ልጆች ያሉት ቤተሰብ አምስት ቲኬት ይገዛል። የሻንጣው ክፍያ፣ የሕፃኑ ጋሪና በረራ ላይ ጆሮውን የሚያመው ልጅ ሲጨመሩበት ዕረፍቱ ሳይጀመር ድካም ይሆናል። የባልቲሞር ወደብ ግን ከነዚህ ሰፈሮች የአንድ ሰዓት ያህል የመኪና መንገድ ነው። ከዚያ የሚነሳው የሽርሽር መርከብ ቤተሰቡን ወደ ባሃማስ ወይም ወደ ቤርሙዳ ወስዶ እዚያው ወደብ ይመልሰዋል።

የመንገደኞች ተርሚናሉ የሚገኘው ሎከስት ፖይንት በሚባለው አካባቢ፣ ከአይ-95 አውራ ጎዳና ዳር ነው። እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ አገልግሎት ላይ ነው፤ እንደ ካርኒቫልና ሮያል ካሪቢያን ያሉ ኩባንያዎች መርከቦች ለዓመታት ተነሥተውበታል። ሰው መኪናውን በዕለት ክፍያ እዚያው አቁሞ፣ ሻንጣውን ለተሸካሚዎች አስረክቦ ይሳፈራል። መኝታ ክፍሉ፣ ዋና ዋናዎቹ ምግቦች፣ የመዋኛ ገንዳው፣ የማታው ትርዒትና የልጆች ክበቡ በአንድ ዋጋ ውስጥ ይካተታሉ። አልኮልና ለስላሳ መጠጥ፣ ኢንተርኔትና በየደሴቱ የሚደረግ ጉብኝት ለየብቻ ይከፈልባቸዋል።

መርከቡ የአሜሪካን ጠረፍ ብቻ እየጎበኘ የማይመለስበት ምክንያት የቆየ ሕግ ነው። በ1886 የወጣው የመንገደኛ መርከቦች ሕግ የውጭ አገር ባንዲራ የሚያውለበልቡ መርከቦች ከአንድ የአሜሪካ ወደብ ወደ ሌላው መንገደኛ እንዳያመላልሱ ይከለክላል። አብዛኞቹ የሽርሽር መርከቦች የተመዘገቡት እንደ ባሃማስና ፓናማ ባሉ አገሮች ስለሆነ፣ ከባልቲሞር ተነሥተው ወደ ባልቲሞር ለመመለስ በመካከሉ የውጭ ወደብ መርገጥ አለባቸው። ስለዚህ አጭር የሚመስለው ጉዞ እንኳ ድንበር ተሻጋሪ ነው፤ የጉዞ ሰነዱ ጉዳይም ጥብቅ የሚሆነው ከዚህ የተነሣ ነው።

መርከቡ ውቅያኖስ ከመግባቱ በፊት ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ በቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ይጓዛል። ለልጆች ከጉዞው ሁሉ የበለጠ ትምህርት ያለው ክፍል ይኸው ነው። ባሕረ ሰላጤው ሰፊ ቢሆንም ጥልቀቱ በአማካይ ከ7 ሜትር አይበልጥም። ትልልቅ መርከቦች የሚያልፉት ወደ 15 ሜትር ጥልቀት ተቆፍሮ በተዘጋጀ መሥመር ብቻ ነው፤ መሥመሩን ጠንቅቀው የሚያውቁ ፓይለቶችም ከካፒቴኑ ጎን ቆመው ይመራሉ። ከተነሡ ሁለት ሰዓት ገደማ በኋላ መርከቡ አናፖሊስ አጠገብ ባለው ቤይ ብሪጅ ሥር ያልፋል። ያኔ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ላይኛው ፎቅ ላይ ብትቆሙ ድልድዩ ጭስ ማውጫውን ሊነካው የደረሰ ይመስላችኋል። በውሃውና በድልድዩ መካከል ያለው ክፍተት 56 ሜትር ያህል ስለሆነ የዓለማችን ግዙፍ የሽርሽር መርከቦች ባልቲሞር መግባት አይችሉም። ከባልቲሞር የሚነሡት መካከለኞቹ፣ ብዙዎቹም 2,000 ያህል መንገደኛ የሚይዙ ናቸው። ከግዙፎቹ ያነሰ መጫወቻ ይኖራቸው ይሆናል፤ ለትንንሽ ልጆች ግን መንገዱን ለመልመድ ይቀላሉ፣ ወላጅም ልጁን ቶሎ ያገኘዋል።

መርከቡ ከባልቲሞር ወደብ ሲወጣ በሚያልፍበት ቦታ የነበረው፣ በ1977 የተከፈተው የፍራንሲስ ስኮት ኪ ድልድይ መጋቢት 2024 ዳሊ በተባለ የጭነት መርከብ ተመትቶ ሲወድቅ ስድስት ሠራተኞች ሞተዋል። ወደቡ ለሳምንታት ሲዘጋም የሽርሽር መርከቦች ወደ ኖርፎክ ተዛውረው ነበር። ዛሬ በዚያ የሚያልፍ ወላጅ ይህን ለልጆቹ ቢነግራቸው መልካም ነው። በባሕረ ሰላጤው አፍ ላይ ደግሞ በ1964 የተከፈተው ድልድይና ዋሻ አለ፤ መኪኖቹ ከባሕሩ ወለል በታች ሲሄዱ መርከቡ ከበላያቸው ያልፋል።

ከዚያ በኋላ ውቅያኖሱ ይጀምራል። በሰሜን ካሮላይና ኬፕ ሃተራስ አካባቢ የገልፍ ስትሪም ሞቃት ሞገድ ስለሚያልፍ ባሕሩ ሊናወጥ ይችላል። ማቅለሽለሽ የሚያስቸግረው ሰው ከመርከቡ መካከልና ከታችኞቹ ፎቆች ክፍል ቢመርጥ እንቅስቃሴው ይቀንስለታል፤ ለልጅ የሚሰጠውን መድኃኒት ግን አስቀድሞ ሐኪም ይጠይቅ። የአውሎ ነፋሱ ወቅት ከሰኔ እስከ ኅዳር ነው። በእነዚህ ወራት ካፒቴኑ ለደኅንነት ሲል መዳረሻውን ሊቀይር እንደሚችል ለልጆች ቀድሞ መንገር ያስፈልጋል።

የልጆች ክበቦቹ በዕድሜ የተከፈሉ ናቸው። ትንንሾቹን የሚቀበሉት እንደ ኩባንያው ከ2 ወይም ከ3 ዓመት ጀምሮ ነው። ብዙዎቹ ኩባንያዎች 6 ወር ያልሞላውን ሕፃን አያሳፍሩም፤ ዳይፐር ያደረገ ልጅም ወደ መዋኛ ገንዳው አይገባም። ገንዳው ዳር ጠባቂ የሌላቸው መርከቦች ስላሉ ወላጅ ዓይኑን ከልጁ ላይ ማንሣት የለበትም። ሆድ የሚያውክ ተላላፊ በሽታ በመርከብ ላይ ቶሎ ይዛመታል። ከምግብ በፊት እጅን በውሃና በሳሙና ማስታጠብ ከሳኒታይዘር ይሻላል። ፆም ላይ ከሆናችሁ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል የሌለበት ምግብ እንደምትፈልጉ ቲኬት ስትቆርጡ አስመዝግቡ፤ ቪጋን የሚለውን ቃል የመርከብ አስተናጋጆች በደንብ ያውቁታል። ሐላል የሚፈልግም እንዲሁ አስቀድሞ ይጠይቅ።

መርከቡ ከመነሣቱ በፊት ለአደጋ ጊዜ የሚደረገው ልምምድ ግዴታ ነው። የሽርሽር መርከቧ ኮስታ ኮንኮርዲያ ጥር 2012 በጣሊያን ጠረፍ ተገልብጣ 32 ሰዎች ሲሞቱ፣ በዚያው ቀን የተሳፈሩ ብዙ መንገደኞች ልምምዱን ገና አላደረጉም ነበር። ስለ ልምምዱ የወጣው ዓለም አቀፍ ደንብ ከ2015 ጀምሮ ጠበቅ ያለው ከዚህ አደጋ በኋላ ነው። በልጆቻችሁ ልክ የተሠራ የሕይወት አድን ጃኬት መኖሩን ጠይቁ፤ የመሰብሰቢያ ቦታችሁንም ለልጆቻችሁ አሳዩአቸው።

ቤተሰብን ከወደብ የሚመልሰው ብዙውን ጊዜ የወረቀት ጉድለት ነው። ከአሜሪካ ተነሥቶ እዚያው በሚመለስ ጉዞ ላይ፣ ዜጋ የሆነ ከ16 ዓመት በታች ያለ ልጅ በልደት የምስክር ወረቀት መጓዝ ይችላል። አዋቂው ዜጋ ከልደት ወረቀቱ ጋር ፎቶ ያለበት የመንግሥት መታወቂያ ይይዛል። ይሁን እንጂ ፓስፖርት የተሻለ ነው፤ በመንገድ ላይ ሕመም ቢያጋጥምና በአውሮፕላን መመለስ ግድ ቢሆን ያለ እሱ አይቻልም። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ካርዱንና የኢትዮጵያ ፓስፖርቱን አብሮ ይያዝ፤ የሚረግጠው አገር ቪዛ ይጠይቅ እንደሆነም ከኩባንያው በጽሑፍ ያረጋግጥ። ልጁን ብቻውን ይዞ የሚጓዝ ወላጅ ደግሞ የሌላኛውን ወላጅ የስምምነት ደብዳቤ በኖተሪ አስፈርሞ ቢይዝ ከጥያቄ ይድናል።

ስለ ገንዘቡም ሳይደባበቅ እንናገር። በአንድ ክፍል ውስጥ ሦስተኛውና አራተኛው ሰው ብዙውን ጊዜ ከመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ያነሰ ይከፍላሉ፤ ልጆች ያሉት ቤተሰብ የሚጠቀመውም በዚህ ነው። የአስተናጋጆቹ ቲፕ ግን በነፍስ ወከፍ በየቀኑ ይቆረጣል፤ ልጆችም ይቆጠሩበታል። ስልኮችን መርከቡ ሳይነሣ ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጓቸው፤ የባሕር ላይ ጥሪ ውድ ነው። አውሮፕላን ስላልተሳፈርን አየሩን አላቆሸሽንም ማለት ግን አይቻልም። የሽርሽር መርከብ ብዙ ነዳጅ ያቃጥላል፤ ለአንድ መንገደኛ ሲካፈል ከበረራ ሊበልጥ ይችላል።

የዚህ ጉዞ ትልቁ ጥቅም ጊዜ ነው። ወላጅ ምግብ አያበስልም፣ መኪና አይነዳም፤ ልጆቹን በቀን ሦስት ጊዜ በአንድ ማዕድ ፊት ያገኛቸዋል። በሁለት ሥራ ለሚሯሯጥ አባትና እናት ይህ ትልቅ ነገር ነው። ልትሄዱ ካሰባችሁ ዋጋ ከማወዳደራችሁ በፊት የቤተሰቡን ወረቀቶች ሁሉ ጠረጴዛ ላይ አውጡና አንድ በአንድ ተመልከቱ። የጎደለ ወይም ጊዜው ያለፈበት ካለ እሱን ጨርሱ፤ ቲኬቱን ከዚያ በኋላ ቁረጡ።