ባሕር ጠልቆ እንጦጦ መውጣት፤ የመጨረሻው ቀን ሒሳብ

ዕቃ ለማስለቀቅ ወደ ጅቡቲ የሚወርድ ነጋዴ ብዙውን ጊዜ ወደቡን እንጂ ባሕሩን ሳያይ ይመለሳል። ይሁንና ከከተማዋ በጀልባ ጥቂት እንደተጓዙ የሙሻና የማስካሊ ደሴቶች ይገኛሉ። በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ምዕራባዊ ጫፍ፣ ጉቤት በሚባለው ሥፍራ ደግሞ እሳተ ገሞራ የሠራው ጥቁር ዓለት ቁልቁል ወደ ባሕሩ ይገባል። ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት ዌል ሻርክ የተባለው፣ በግዝፈቱ ከዓሦች ሁሉ የሚበልጠውና ሰው የማይተናኮለው ዓሣ ወደ ባሕረ ሰላጤው ይመጣል። በ1985 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የባሕር በሯን ካጣች ወዲህ፣ የአየር ሲሊንደር ተሸክሞ ባሕር መጥለቅ ለሚሻ የአዲስ አበባ ሰው ቅርቡ ሥፍራ ይኸው ነው።

ወጪው በምን ይሰላል?

የጅቡቲ ፍራንክ ከ1973 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በ177.721 ሒሳብ ከዶላር ጋር የተሳሰረ በመሆኑ፣ እዚያ ዋጋ ባይጨምር እንኳ የብር ምንዛሪ በተንቀሳቀሰ ቁጥር የጉዞው ወጪ ይንቀሳቀሳል። የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ሒሳቡን ከወራት በፊት በብር ቆርጦ መያዝ አያዋጣም። ትኬት፣ ሆቴል፣ የጀልባና የመሣሪያ ኪራይ በዶላር ተሰልተው መቀመጥ አለባቸው።

ጀማሪ ከሆነ የሥልጠና ክፍያ ይጨመራል። የመጀመሪያው ደረጃ ትምህርት አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 4 ቀን ሲወስድ፣ የሚፈቅደውም እስከ 18 ሜትር ጥልቀት ብቻ ነው። አስም ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው አስቀድሞ ሐኪም ማማከር ይገባዋል።

ቁም ነገሩ መመለሻው ላይ ነው

ብዙዎች የሚዘነጉት ወጪ ግን የመጨረሻው ቀን ነው። በ20 ሜትር ጥልቀት የሚተነፈሰው አየር በባሕር ጠለል ካለው 3 እጥፍ የታመቀ ነው። በዚህም ሳቢያ ናይትሮጅን በደምና በሥጋ ውስጥ ይሟሟል። ጠላቂው በዝግታ ወጥቶ በቂ ጊዜ ካረፈ ናይትሮጅኑ በትንፋሽ ይወጣል። ቸኩሎ ወደ ከፍታ ከወጣ ግን የለስላሳ ጠርሙስ ሲከፈት እንደሚሆነው በሰውነቱ ውስጥ አረፋ ይሠራል። ይህም ከመገጣጠሚያ ሕመም እስከ ሽባነት፣ አልፎም እስከ ሞት ያደርሳል።

ዳይቨርስ አለርት ኔትወርክ የተባለው የጠላቂዎች ደኅንነት ድርጅት፣ አንድ ጊዜ ብቻ የጠለቀ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ደጋግሞ የጠለቀ ደግሞ ቢያንስ 18 ሰዓት ሳያርፍ አውሮፕላን እንዳይሳፈር ይመክራል። ምክሩ የወጣው የአውሮፕላን ውስጥ የአየር ግፊት ቢበዛ ከ2 ሺህ 400 ሜትር ከፍታ ጋር እንደሚመጣጠን ታስቦ ነው።

እንግዲህ የአዲስ አበባ ሰው ሒሳብ ከሌላው የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ሌላው መንገደኛ ከአውሮፕላን ሲወርድ ወደ ቆላ ይወርዳል። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ግን ራሱ 2 ሺህ 334 ሜትር ላይ ነው። የእንጦጦ ራጉኤል አካባቢ ነዋሪ ደግሞ ከቦሌ ተነሥቶ ሽሮ ሜዳን አልፎ ወደ 3 ሺህ ሜትር ገደማ ይወጣል። ቤቱ ከአውሮፕላኑ ይልቅ አየር የሳሳበት ነው ማለት ነው። በባቡር ወይም በመኪና መመለስም ያው ዳገት ነውና ከዕረፍቱ አያድንም።

ስለዚህ የደጋው ሰው 24 ሰዓት፣ የሚቻል ከሆነም ከዚያ በላይ ማረፍ ይሻለዋል። ነጋዴው ቅዳሜ 6 ሰዓት ላይ ከባሕር ከወጣ፣ ትኬቱ ከእሑድ ከሰዓት በኋላ በፊት መቆረጥ የለበትም። የወደብ ጉዳይ ያለው ሰው ደግሞ በመጀመሪያ ቢጠልቅና ሰነዱን በመጨረሻው ቀን ቢያስፈጽም ዕረፍቱ ያለ ተጨማሪ የሆቴል ሒሳብ ይገኛል።

የአንድ ሌሊት የሆቴል ዋጋ ያሳሰበው፣ በግፊት ክፍል ለሚሰጥ ሕክምናና ለአምቡላንስ አውሮፕላን የሚጠየቀውን የውጭ ምንዛሪ ያስብ። የጉዞ መድን የሚገዛም ውሉ ባሕር መጥለቅን መሸፈኑን አስቀድሞ ይመልከት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ በዚህ ጉዳይ ግን ያፈሰሰው ሁሉ የሚለቀም አይደለም።