ከዐስር እስከ መግሪብ፦ ልጆቻችን የት ይጫወቱ?

ልጅ ከትምህርት ቤት ተመልሶ ደብተሩን ካስቀመጠ በኋላ ወዴት ይሄዳል? በነቀምቴ፣ በጊምቢ፣ በሻምቡና በደምቢ ዶሎ የሚኖሩ ወላጆች ይህን ጥያቄ በየቀኑ ይጋፈጣሉ። ሜዳ በቅርብ ያገኘ ልጅ ኳሱን ይዞ ይወጣል። ያላገኘው ደግሞ ወይ ስልክ ላይ አፍጥጦ ያመሻል፣ አለዚያም መንገድ ዳር ከባጃጅ ጋር እየተጋፋ ይጫወታል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 ዓ.ም ባወጣው መመሪያ ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ሰውነትን የሚያሞቅ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። በሳምንት ቢያንስ 3 ቀን ደግሞ እንደ ሩጫና ዝላይ ያለ፣ ጡንቻንና አጥንትን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ያስፈልጋቸዋል። በአገራችን ከዐስር እስከ መግሪብ ከሁለት ሰዓት በላይ አለ። ስለዚህ ልጁ ዐስርን ሰግዶ ወጥቶ፣ ተጫውቶ፣ ታጥቦ ለመግሪብ መድረስ ይችላል።

ጨዋታ ሁሉ ከዲን የሚያርቅ የሚመስላቸው ወላጆች አሉ። ይሁን እንጂ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ጋር እሽቅድምድም እንደሮጡ አቡ ዳውድ ዘግበዋል። በዒድ ቀን ሐበሾች በመዲና መስጊድ በጦር ሲጫወቱ ነቢዩ እንዳልከለከሏቸው፣ እንዲያውም ዓኢሻ እንድታይ እንደፈቀዱላት ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ልንጠነቀቅ የሚገባን ሶላትን ከሚያሳልፍና መጥፎ ጓደኛ ከሚያስይዝ ጨዋታ ነው።

የት እንፈልግ?

በመጀመሪያ በአቅራቢያችን ያለውን ትምህርት ቤት እንይ። ቅዳሜና እሁድ ሜዳው ባዶ ከሆነ ጥቂት ወላጆች ተሰባስበው ርእሰ መምህሩን ማነጋገር ይችላሉ። ቀጥሎ ወደ ከተማው የወጣቶችና ስፖርት ጽሕፈት ቤት ጎራ ብሎ በሰፈሩ የታዳጊዎች ፕሮጀክት መኖሩን መጠየቅ ነው። በነቀምቴ የሚገኘው የወለጋ ዩኒቨርሲቲ የስፖርት ሳይንስ ትምህርት ይሰጣል፤ በጊምቢና በሻምቡም ካምፓሶች አሉት። አሠልጣኝ ለሚፈልጉ ወላጆች በዘርፉ የሚማሩ ወጣቶች ጥሩ አጋዥ ሊሆኑ ይችላሉ።

ከሁሉም በላይ ቦታው ለቤት የቀረበ ይሁን። ከ2011 ዓ.ም ወዲህ የወለጋ ቤተሰቦች በጸጥታ ችግር ብዙ ተፈትነዋል። ወላጅ ሳይሳቀቅ ልጁን የሚልክበት ትንሽ ሜዳ፣ ሩቅ ካለ ትልቅ ስታዲየም ይሻላል።

ከመመዝገብ በፊት

አሠልጣኙ ማን ነው? ሌላ አዋቂ አብሮት ይገኛል? ልምምዱ በስንት ሰዓት ያበቃል? ወጪው ምን ያህል ነው? በረመዷን ሰዓቱ ይቀየራል? እነዚህን መጠየቅ የወላጅ ድርሻ ነው፤ ጥሩ አሠልጣኝም በጥያቄው አይከፋም። ክረምቱ በወለጋ ረጅምና ኃይለኛ ስለሆነ ሜዳው ሲጨቀይ ምን እንደሚደረግም እንወቅ። ገመድ ዝላይ በበረንዳ፣ የጠረጴዛ ቴኒስ ደግሞ በአዳራሽ ይቻላል።

ሴት ልጆቻችንስ?

ብዙ ሴት ልጆች ከፍ ሲሉ ከሜዳ ይቀራሉ። አጥንታቸው ግን እንደ ወንድሞቻቸው ሁሉ እንቅስቃሴ ይፈልጋል። የአርሲዋ ፋጡማ ሮባ በ1988 ዓ.ም በአትላንታ ኦሎምፒክ ማራቶን ስታሸንፍ በኦሎምፒክ ማራቶን ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሴት ሆናለች። ሂጃብም ዛሬ ከውድድር አያስቀርም። በ2006 ዓ.ም በእግር ኳስ፣ በ2009 ዓ.ም ደግሞ በቅርጫት ኳስ የራስ መሸፈኛ በዓለም አቀፍ ደንብ ተፈቅዷል። ለሴቶች ብቻ የተለየ ሰዓትና ሴት አሠልጣኝ ከተገኘ የብዙ እናቶች ስጋት ይቀላል። ይህንንም አባቶች ሄደው ሊጠይቁላቸው ይገባል።

ምንም ካልተገኘ

አምስት ቤተሰቦች በቂ ናቸው። አንድ ኳስና ሁለት ገመድ ይገዛሉ፤ አባቶችና ታላላቅ ወንድሞች፣ ለሴቶቹም እናቶች፣ ተራ ገብተው ልጆቹን ይጠብቃሉ። ሩጫ ደግሞ ጫማ እንጂ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለችው ነቀምቴም ለሯጭ የተመቸ አየር አላት። ዐስር እንደተሰገደ ይጀመር፤ መግሪብ ሊደርስ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ይብቃ። የፊታችን ቅዳሜ ከጎረቤቶቻችን ጋር ብንነጋገርበት፣ ኢንሻ አላህ በሚቀጥለው ሳምንት ልጆቻችን ሜዳ ላይ ናቸው።